የጓሳ ሕግ ለሞላሌ ጎዳና

ከጥምቀት ማግስት በነበረው ሳምንት በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ ሞላሌ ከተማ ነበርሁ። ሌሊቱን አመዳይ ጥሎ አድሮ ሜዳው ጨው የተነሰነሰበት መስሏል። ጋቢዬን ደርቤ በዋናው መንገድ ዳር ቀስ እያልሁ ስሄድ ዓይኔ ከመሬት አልተነሣም፤ ባለፈው ክረምት ችግኝ የተተከለባቸውን ጉድጓዶች እያየሁ ነበር። አንዱ ጉድጓድ ውስጥ የደረቀ ጭራሮ ቆሟል። ሌላው ውስጥ በግ ግጦ የተወው ጉቶ ቀርቷል። በአንዱ ውስጥ ደግሞ ችግኙ ከነጥቁር ፕላስቲኩ ተቀብሮ ኖሮ፣ አፈሩን ጎርፍ ሲያጥበው የፕላስቲኩ ጠርዝ ወጥቶ በነፋስ ይርገበገባል። ያ ችግኝ የሞተው በተተከለበት ቀን ነው፤ ሥሩ መሬት አልነካም።

ከአንዲት ሻይ ቤት ፊት ለፊት ግን አንድ ኮሶ ቆሟል። ቁመቱ ከጉልበቴ ትንሽ ያልፋል። ዙሪያውን የቀጋ እሾህ ተከምሮበታል፤ በእሾሁ መካከል ሦስት ካስማ ተተክሎ ከላይ የማዳበሪያ ከረጢት ተጥሎበታል። የሻይ ቤቷ ባለቤት ብቅ አሉና ከረጢቱን ገፈፉት። ማታ ማታ ለአመዳዩ ያለብሱታል፣ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ይገልጡታል። ብርጭቆ ያለቀለቁበትን ውኃ ሥሩ ላይ ቀስ አድርገው አፍስሰው ወደ ምድጃቸው ተመለሱ። እትዬ፣ ማን ጠብቂው አለዎት ብዬ ስጠይቃቸው ጥያቄው ገረማቸው። በደጃቸው የቆመ ነገር የእሳቸው ነው፤ ሌላ ምክንያት አላስፈለጋቸውም።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላል የአገራችን ሰው። ያን ቀን በሞላሌ ጎዳና የሄደ ሰው ይህን ምሳሌ በዓይኑ ያየው ነበር። የኮሶው አጥር እሾህ ነው፤ ከእሾሁ ይበልጥ ግን ማለዳ ማለዳ የሚከፈተው የሻይ ቤት በር ይጠብቀዋል።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በ12 ሰዓት ውስጥ ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። ያን ቀን ከወጡት አንዱ ነበርሁ። ዝናቡ እየጣለ፣ ጭቃው ቁርጭምጭሚታችንን እየዋጠ፣ ሽማግሌና ተማሪ ጎን ለጎን ሲቆፍር ማየት ልብ ይሞላል፤ ሕዝብን በአንድ ቀን ለአንድ ሥራ ማስወጣት ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ አረንጓዴ አሻራ እየተባለ ተከላው ቀጥሏል። ነገር ግን መትከል የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ማሳደግ ቢያንስ ሦስት በጋ ይፈልጋል። ሪፖርቱ የሚጻፈው በጠዋቱ ሥራ ነው፤ በሦስቱ በጋዎች ችግኙ ማን ዘንድ እንደሚያድር የሚጠየቅበት ቅጽ ግን አላየሁም። እኔ ዛሬ የምከራከረው ስለዚህ አንድ ጥያቄ ነው። ሞላሌም ሌላ አገር ሄዳ መልስ መፈለግ አያስፈልጋትም። መልሱ በመንዝ ምድር ከተገኘ አራት መቶ ዓመት ሆኖታል።

ከመሐል ሜዳ ከፍ ብሎ ያለውን ጓሳን የማያውቅ የመንዝ ልጅ የለም። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የሣር ምድር ነው። ጭላዳ በመንጋ ይግጥበታል፤ በዓለም ላይ ከ500 በታች የቀረው ቀይ ቀበሮ አይጥ ያድንበታል። ከሥሩ የሚመነጨው ውኃ በአንድ በኩል ወደ ዓባይ፣ በሌላ በኩል ወደ አዋሽ ይወርዳል። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ጓሳ የሚባለው ሣር እንደ ሌላው ሣር ምንጣፍ ሆኖ አይተኛም፤ በየቦታው ክምር ክምር ሆኖ በቅሎ፣ እያንዳንዱ ክምር ጉልበት እስኪያህል ይቆማል። ጠዋት ጉም ሲያልፍበት ጤዛው በቅጠሉ ጫፍ ይንጠለጠልና ወደ ሥሩ ይወርዳል። የመንዝ ሰው ቤቱን የሚከድነው በእሱ ነው። ገመዱን የሚገምደው፣ መጥረጊያውን የሚያስረው፣ ለዝናብ የሚለብሰውን ገሳ የሚሠራው በእሱ ነው። ልጅ ሆኜ የጓሳ ክዳን ሲከደን አይቻለሁ፤ ሣሩ ከታች ወደ ላይ በንብር በንብር ሲደረደር፣ ከዳኙ በመዳፉ እየደበደበ ሲያስተካክለው፣ ቤቱ አዲስ ጎፈሬ ያበጠረ ጎልማሳ ይመስላል።

ይህ ሣር እስከ ዛሬ የቆየው ሰው ስላልደረሰበት አይደለም። ሰው ሁልጊዜ ይደርስበት ነበር። የቆየው ሕግ ስለነበረው ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ መንዝን አቀኑ የሚባሉት አስቦና ገራ ጓሳን የጋራ መሬት አድርገው ለዩት፤ ከእነሱ የሚወለደው ሁሉ በአጽመ ርስት ተካፋይ ሆነ። አስተዳደሩ ቀሮ ይባል ነበር። ለአስቦ ወገንና ለገራ ወገን፣ ሕዝቡ በተሰበሰበበት፣ አፈሮ የሚባል አለቃ ይመረጥ ነበር። ከአፈሮው በታች ባለ መብቶቹ በየአጥቢያቸው፣ በየታቦታቸው ይከፈሉ ነበር። እገሌ የየትኛው ደብር ሰው እንደሆነ ይታወቅ ነበር፤ ማን የትኛውን ክፍል እንደሚጠብቅም ይታወቅ ነበር። ጓሳ ሲዘጋ ለሦስት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ተከታታይ ዓመት ይዘጋ ነበር። በዚያ ጊዜ ሣር ማጨድም፣ ከብት ማሰማራትም፣ ማገዶ መልቀምም ክልክል ነበር። አቅም ያለው ወንድ ሁሉ በተራ እየወጣ ይጠብቅ ነበር፤ ጥበቃውን የዘለለም፣ ሕጉን የጣሰም ከባድ ቅጣት ይጠብቀው ነበር። ሣሩ በቅቷል ሲባል በበጋው፣ የካቲትና መጋቢት ገደማ፣ ይከፈት ነበር፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ማጭዱንና አህያውን ይዞ ይወጣ ነበር። ክረምቱ ሲገባ፣ ሐምሌ 5፣ በሐምሌ አቦ፣ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት ዕለት፣ እንደገና ይዘጋ ነበር።

ዶክተር ዘለዓለም ተፈራ እ.ኤ.አ. በ2001 በእንግሊዝ አገር በኬንት ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ያቀረቡት ጥናት በዚሁ በጓሳ የጋራ አስተዳደርና በቀይ ቀበሮው ላይ ነው። የእሳቸውን ሥራ ያነበበ ሰው ልብ የሚለው ነገር አለ። ቀሮ ቀበሮ ለማዳን የወጣ ሕግ አይደለም። የቤት ክዳን እንዳይጠፋ የወጣ ሕግ ነው። ቀበሮው የዳነው ሰው ለራሱ ጣሪያ ብሎ በጠበቀው ሣር ውስጥ ነው። ይህን አጥብቄ የምይዘው ለሞላሌ ዛፍም ስለሚያገለግል ነው፤ የማይጠቀምበትን ነገር ለዓመታት በብርድ ወጥቶ የሚጠብቅ ሰው አይገኝም።

ቀሮን ግን ከልክ በላይ ላወድሰው አልፈልግም። መብቱ የዘር ነበር። ከአስቦና ከገራ የማይቆጠር፣ ከሌላ አገር መጥቶ በመንዝ የሚኖር፣ መሬት ያልነበረው የእጅ ጥበብ ሰው ከጓሳ ድርሻ አልነበረውም። ሴቶች ሣሩን ቢያስሩትም ቢሸከሙትም ስለ መዝጊያውና ስለ መክፈቻው የሚመክሩት ወንዶች ነበሩ። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ቀሮ የቆመበት መሠረት፣ ርስቱ፣ ከሥሩ ተነሣ። ያ አዋጅ ጭሰኛውን ነጻ ያወጣ መሆኑን አልክድም፤ ለጓሳ ግን ክፉ ጊዜ ነበር። ትናንት የታወቀ ባለቤት የነበረው መሬት የሁሉም ሲሆን፣ የሁሉም የሆነው የማንም ሆነና የቀደመ ሁሉ ያጭደው፣ ያርሰው ጀመር። ያዳነው የመንዝ ሰው ራሱ ነው። በዙሪያው ያሉ ቀበሌዎች ኮሚቴ መርጠው፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥተው፣ ጥበቃውን ከዘር ወደ ነዋሪነት አዛወሩት። በኋላም የአማራ ክልል የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ ሕጋዊ እውቅና ሰጠው። በዚህ ውስጥ ለከተማ የሚሆነው ትልቁ ትምህርት ይህ ሁለተኛው ዘመን ነው፤ ማን ነህ የሚለው ጥያቄ የማን ልጅ ነህ ከሚለው ወደ የት ትኖራለህ ሲዞር ሥርዓቱ አልሞተም።

አሁን ከመንዝ ብርድ ወርጄ በውቅያኖስ ጠረፍ ወዳለች አንዲት አሮጌ ከተማ ልውሰዳችሁ። የሴራሊዮን ዋና ከተማ ፍሪታውን እ.ኤ.አ. በ1792 ከባርነት ነጻ በወጡ ጥቁሮች የተመሠረተች የአትላንቲክ ወደብ ናት። ከከተማዋ ጀርባ ተራራ አለ፤ ተራራው በደን የተሸፈነ ነበር። ከተማዋ እየሰፋች ሄዳ ደኑን ስትመነጥረው፣ ነሐሴ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. ከከባድ ዝናብ በኋላ የተራራው ጎን ተንዶ በሥሩ የነበሩትን ቤቶች ቀበረ። የሞቱትና የገቡበት ያልታወቀው ከአንድ ሺህ በላይ ናቸው። ከንቲባዋ ኢቮን አኪ ሶየር በ2012 ዓ.ም. አንድ ሚሊዮን ዛፍ የመትከል ዘመቻ ሲጀምሩ ከዚያ ሐዘን ተምረው ነበር። ከየሰፈሩ ችግኝ የሚጠብቁ ነዋሪዎች ተመረጡ። እያንዳንዱ ችግኝ የራሱ መለያ ቁጥር ተሰጠው። ጠባቂው በየጊዜው ችግኙ ዘንድ ሄዶ በስልኩ ፎቶ ያነሣዋል፤ ችግኙ በሕይወት ካለ ክፍያው በስልኩ ይገባለታል። ክፍያው ለጉድጓዱ ሳይሆን ለኖረው ዛፍ ነው።

ፍሪታውንን ያነሣሁት ገንዘቡን አይቼ አይደለም፤ ሞላሌ ያን ያህል ገንዘብ የላትም፣ እንዲኖራት እስክንጠብቅም ሌላ አምስት ክረምት ያልፋል። ያነሣኋት እዚያ በስልክ የተሠራው ነገር እዚህ በአፈሮ የተሠራው ስለሆነ ነው። ይህ ዛፍ የእገሌ ነው፤ እገሌ ሳይጠብቅ ቢቀር ይታወቃል፤ ቢጠብቅ ይጠቀማል። ሦስት ነገር ብቻ። በየክረምቱ በዘመቻችን የሚጎድሉት ሦስቱም ናቸው።

የዚህን እውነትነት ለማየት ከሞላሌ ወጣ ብሎ ወደ ባሕር ዛፎቹ መመልከት ይበቃል። በመንዝ ኮረብታ ላይ ባሕር ዛፍ ትከል ተብሎ በዘመቻ የተገደደ ገበሬ አላውቅም። ሰው ግን ተክሏል፣ አጥሯል፣ አሳድጓል። አጣናው ይሸጣል፣ ማገሩ ይሸጣል፣ ቅጠሉ ይነድዳል፤ ሁሉም የተካዩ ነው። አዲስ አበባም የዳነችው በዚሁ ነው። በምኒልክ ዘመን ማገዶ አልቆ ዋናውን ከተማ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ሳለ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ በየግቢው ተተክሎ ከተማዋን አቆያት። ባሕር ዛፍ ውኃ ጠጪ መሆኑን፣ ከሥሩ ሌላ እንደማያበቅል አውቃለሁ፤ ለከተማ ጎዳና አልመክረውም። የሚያስተምረን ግን ሰው ዛፍ ይጠላል የሚለው ወሬ ሐሰት መሆኑን ነው። ሰው ባለቤት የሌለውን ዛፍ አይጠብቅም፤ እንዲህ ቢባል ይሻላል።

ሁለተኛው ምስክር ቤተ ክርስቲያን ናት። በመንዝ ሜዳ ላይ ከሩቅ ጥቁር ሆኖ የሚታይ የዛፍ ክምችት ካለ ከመካከሉ ጉልላት እንዳለ ዕወቁ። ጽዱን የሚጠብቀው የታቦቱ ክብር ነው። ያም ሆኖ ክብር ብቻውን ከብት አያስቆምም። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ሲሠሩ ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር የመረጡት መላ ካብ ነው። ከእርሻው መሬት የሚለቀመው ድንጋይ በደኑ ዙሪያ ይካባል፤ እርሻው ከድንጋይ ይጸዳል፣ በደኑ ውስጥም ከብት ስለማይገባ ቡቃያው ያድጋል። ድንጋይ ለመንዝ ሰው ባዕድ አይደለም። ቤቱን የሠራው በድንጋይ፣ ጓሮውን ያጠረው በድንጋይ ነው። በሞላሌ ጎዳና ዳር እያንዳንዱ ችግኝ እስከ ወገብ የሚደርስ ክብ ካብ ቢሠራለት ከበግም ከአህያም፣ ከነፋሱም ይጠብቀዋል። እሾህ በሁለት ዓመት ይበሰብሳል ወይም ማገዶ ይሆናል፤ ካብ ይቆያል።

ታዲያ የሞላሌ አፈሮ ማን ይሁን? እኔ እድር ነው እላለሁ።

እድር በከተማችን ውስጥ ሳይታዘዝ የሚሠራ፣ ያለ በጀት የሚኖር፣ ሁሉም የሚፈራውና ሁሉም የሚወደው ተቋም ነው። የእድር ጸሐፊን መዝገብ ያየ ያውቀዋል። በእርሳስ የተሰመረ ደብተር ነው፤ በግራ በኩል የአባሉ ስም፣ ቀጥሎ ወሩ፣ ቀጥሎ የከፈለው፣ ቀጥሎ ከቀብር የቀረበት ቀንና መቀጫው። ጡሩምባው ተነፍቶ ያልወጣ ሰው በወሩ ስብሰባ ስሙ ይጠራል፤ መቀጫው ጥቂት ብር ቢሆንም ስሙ በሰው ፊት መጠራቱ ይከብደዋል። እንዲህ ያለ ቁጥጥር በየትኛውም ቢሮ አላየሁም። እድር ከየት መጣህ፣ የማን ዘር ነህ አይልም፤ ሰፈሩ ውስጥ የሚኖርን ይቀበላል። ሴቶች አባል ናቸው፤ የራሳቸው እድርም አላቸው። ቀሮ የጎደለውን እድር ይሞላዋል። በዚያ ላይ እድር ክፉ ቀን ያውቃል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት በመዘዞና በሞላሌ በኩል ባለፈ ጊዜ መሥሪያ ቤት ተዘግቷል፤ ከዚያ ወዲህም ሰላም ባልጸናባቸው ወራት የዘመቻ ስብሰባ ይቅርና መንገድ መክፈትም ከባድ ሆኖ አይተናል። ሰው ግን ሞቷል፣ ተቀብሯል፤ የቀበረውም እድር ነው። ለሦስት በጋ የሚዘልቅ ሥራ በየጊዜው በማይዘጋ ተቋም እጅ ቢሆን ይሻላል።

የምለው ይህ ነው። በጸሐፊው ደብተር ላይ አንድ ረድፍ ይጨመር፤ ዛፍ የሚል። በእያንዳንዱ አባል ስም ፊት በደጁ ወይም በተመደበለት ቦታ ያለው ዛፍ ይጻፍ። በወሩ ስብሰባ፣ መዋጮው ሲሰበሰብ፣ ቆሟል ወይስ ደርቋል ተብሎ ይጠየቅ። የደረቀበት አባል በሚመጣው ክረምት ተክቶ ይትከል። የቆመለት፣ ዛፉ ሲያድግ የሚገረዘው ቅርንጫፍ ለማገዶ የእሱ ይሁን። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በመንዝ እንጨት ከመጥፋቱ የተነሣ እናቶቻችን ኩበት ያነድዳሉ፤ ኩበት በነደደ ቁጥር ገብሱ ፍግ ያጣል።

እድር የሙታን እንጂ የዛፍ ማኅበር አይደለም የሚሉ ይኖራሉ፤ ሸክም አናብዛበት ማለታቸው ተገቢ ነው። እኔም የምጠይቀው አንድ ረድፍ ነው፤ ገንዘብ አልጠየቅሁም፣ አዲስ ስብሰባም አልጠየቅሁም። የከተማው ማዘጋጃ ቤት በበኩሉ ሁለት ነገር ቃል ይግባ። መንገድ የሚሰፋበትን መስመር አስቀድሞ ያሳይ፤ ሰው አራት ዓመት ያሳደገው ዛፍ በአንድ ቀን በዶዘር ሲነቀል ሁለተኛ ችግኝ የሚይዝ እጅ አይገኝም። በእድሩ ደብተር የተጻፈ ዛፍም እድሩ ሳይጠየቅ አይቆረጥ።

የዛፉ ዓይነትም ይታሰብበት። ሞላሌ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር የሚጥለው አመዳይ ለቆላና ለወይና ደጋ የሚስማማውን ችግኝ በአንድ ሌሊት ያጠቁረዋል። ወይራ ለዚህ ከፍታ ጫፉ ላይ ነው። ኮሶ ግን አገሩ ነው፤ ጽድ አገሩ ነው፤ አስታና አምጃም ብርዱን ያውቁታል። ለበግ የሚሆን ቅጠል ለሚፈልግ፣ በደጋው የተለመደው ትሪ ሉሰርን በጓሮና በአጥር ሥር ይተከል። ዘር ከሩቅ ማምጣትም የለብንም። የመናገሻ ደን ጽድ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ በተወሰደ ዘር ተተከለ ይባላል፤ ወፍ ዋሻ የእኛው የሰሜን ሸዋ ደን ነው። ለሌላው ዘር የሰጠ አገር ለራሱ ጎዳና አያጣም።

በሻይ ቤቷ ደጅ ያለው ኮሶ የመጀመሪያውን በጋ አልፏል፤ ሁለት ይቀረዋል። የሞላሌ እድሮች ሊቀመናብርትና ጸሐፊዎች፣ እናቶች፣ የሰፈር ሽማግሌዎች፤ ችግኙ እንደ ልማዱ ሐምሌ ላይ ይመጣል። ችግኙ ከመድረሱ በፊት ደብተሩ ይዘጋጅ። አባቶቻችን ጓሳን የሚዘጉት ሐምሌ 5 ነበር፤ ከዚያ ቀን በፊት ባለው እሑድ ተሰብሰቡና በየስማችሁ ፊት አንድ አንድ ዛፍ ጻፉ።